ከሩቅ ሆኜ ጎንደር ቤት ልገዛ ነው፤ ደላላውን በምን ልመነው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአዘዞ ልጅ ነኝ። አሜሪካ ከገባሁ 14 ዓመቴ ነው፤ ዴንቨር ሆኜ ከባድ መኪና እነዳለሁ። ዜግነት ቀይሬያለሁ፣ ቢጫ ካርድ አለኝ። ያጠራቀምኳትን ይዤ ጎንደር፣ ማራኪ ግቢ አካባቢ፣ የሚከራይ ቤት መግዛት ፈልጌያለሁ። ለመምጣት ሥራው አይመቸኝም። ሁለት ደላሎች ተዋውቄያለሁ። አንደኛውን ያገናኘኝ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ተጫዋች ነው፣ በቀን አሥር ቪዲዮ ይልክልኛል፣ «አንተ ውክልናውን ብቻ ላክልኝ፤ ገዝቼ፣ ስም አዙሬ፣ ተከራይ አስገብቼ ቁልፉን ለእናትህ እሰጣለሁ» ይለኛል። ሁለተኛው ብዙ አያወራም። ስደውልለት አንዳንዴ አያነሳም፤ በዚያ ላይ የወደድኩትን ቤት «ተወው» አለኝ። ለምን ስለው «ሰው ልከህ አሳየው» ብቻ ነው መልሱ። ኮሚሽን ሁለቱም 2 በመቶ ነው የጠየቁኝ። ዘመዶቼ የመጀመሪያውን ያዝ ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?
የአዘዞው፣ ከዴንቨር

መልስ፦ የአዘዞው ልጄ፣ እንዴት ከርመሃል። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው እኔም እንደ ዘመዶችህ ተጫዋቹን ወድጄው ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን «ውክልናውን ብቻ ላክልኝ» የምትለዋ ላይ ስደርስ መነጽሬን አወለቅኩ። ቤት ይፈልጋል፣ ይዋዋላል፣ ገንዘብ ይከፍላል፣ ስም ያዞራል፣ ያከራያል። ታዲያ ይህ ሰው ሲሳሳት «ተሳስተሃል» የሚለው ማን ነው? እናትህ እንደሆኑ ቁልፉን ተቀብለው ሊመርቁት ነው።

አስቀድሜ ልንገርህ፣ የሕግ ሰው አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ መዝገብ ቤት ነበርኩ፤ 27 ዓመት የቤት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ኖርኩ። ሰው ቤት ሲባል ግድግዳና ጣሪያ ይታየዋል፤ ለእኔ የሚታየኝ በሲባጎ የታሰረ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው ፎልደር ነው። ውስጡ በእጅ የተሳለ ንድፍ አለ፤ «በሰሜን እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ» ይላል። ፎልደሩ ሳሳ ያለ እንደሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ወፍሮ፣ በተለይ የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት በዝቶበት ካየኸው፣ ያ ቤት ጠብ አለበት። እኛ ሠራተኞቹ ሲባጎውን ሳንፈታ በክብደቱ እናውቀው ነበር።

ይህን ሁሉ የማውቀው ሴት ምን እንዳደረግሁ ስማ። ታናሽ ወንድሜ ጀርመን ነው ያለው። ቤት ግዢልኝ ብሎ ገንዘብ ላከ። ደላላውን የመረጥኩለት እኔ ነኝ፤ የመረጥኩትም የእድራችን ሰው ስለሆነ ነው። በእናቴ ለቅሶ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ሲተክል፣ ወንበር ሲያመላልስ የከረመ ሰው! ፋይሉን ልየው ብል እሱን የጠረጠርኩት መስሎ ተሰማኝና አፈርኩ። ቀብድ ተከፈለ፣ የመንደር ውል ተፈረመ። ሻጩ «ብቸኛ ወራሽ ነኝ» ብሎ ነበር። ስም ለማዞር ስንሄድ ወራሾቹ ሰባት ሆነው ተገኙ፤ ሁለቱ ሱዳን ናቸው። ከወንበሬ እስከዚያ ፎልደር አሥራ ሁለት እርምጃ ነበር። አሥራ ሁለቷን እርምጃ ሳልራመድ ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለስኩ። ደላላው ሌባ ነበር አልልህም፤ እሱም አያውቅም ነበር። ኮሚሽኑን ግን ገና ድሮ በልቶ ጨርሷል።

ከዚያ ወዲህ ሰው ደላላ ምረጪልኝ ሲለኝ ስለ ጠባዩ አልጠይቅም። የምጠይቀው ሥራው የት ላይ እንደሚያበቃ ነው። የንግድ ሕጉ ራሱ ደላላን የሚያውቀው ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኝ ሰው አድርጎ ነው። አገናኝቶ ዞር ይላል። ወረቀቱን የሚያጣራልህ ሌላ፣ አንተን ሆኖ የሚፈርመው ደግሞ ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ እነዚህ ሁለቱም ደላላው ያመጣቸው መሆን የለባቸውም። የአክስትህን ልጅም ቢሆን በፍቅር ጠይቀው፦ «ቤቱ ሲገዛ ስንት ይደርስሃል?» በለው። ገዢ ላመጣ ሰው ከኮሚሽኑ ቆርሶ መስጠት በጎንደርም በሌላውም ያለ ነው፤ ነውር የለውም። ግን እያወቅህ ይሁን።

ወደ ውክልናው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይብህ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄደህ የምትፈርመው ወረቀት ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅህ ነው፤ «ለመግዛት፣ ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለመስጠት፣ አስይዞ ለመበደር፣ ገንዘብ ለመቀበል» እያለ ይወርዳል። ሰው ሰልፍ ላይ ቆሞ ደክሞታል፣ ሥራ ረፍዶበታል፣ ፈርሞ ይወጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እኮ ብልህ ነው፤ በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል ይላል። ሕጉ የዘጋውን በር በገዛ ፊርማህ ከፍተህ ትሰጣለህ። ለአንተ የሚያስፈልግህ የመግዛት ሥልጣን መስጠት ብቻ ነው። ከተቻለ የቤቱ ቦታና የካርታ ቁጥር ይጻፍበት፤ መሸጥን፣ መለወጥን፣ ስጦታን፣ ማስያዝን፣ ውክልናውን ለሌላ ማስተላለፍን አስወጣ። ከቆንስላው ከተረጋገጠ በኋላ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይሄዳል። ጊዜ ይወስዳል፤ ቤቱን ሳታገኝ ቀድመህ ብታስጀምረው አይከፋም። ተወካዩ እህትህ ትሁን፣ የልጅነት ጓደኛህ ይሁን፣ ደላላው ግን አይሁን። ውክልና ሲሰጡት «አይ፣ ለቤተሰብህ ስጥ» የሚል ደላላ ካጋጠመህ እሱን ያዘው።

ብሩስ? ለሻጩ በስሙ በተሠራ ሲፒኦ (ባንክ ራሱ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ)፣ ውሉ በሚፈረምበት ዕለት። በደላላው ሒሳብ ውስጥ አንድ ሌሊትም አይደር።

አሁን ስለ ቪዲዮዎቹ። ባለፈው ዓመት አንዲት የጎረቤቴ ልጅ ከካናዳ «እትዬ እባክዎ ይዩልኝ» ብላ ቪዲዮ ላከችልኝ። ደላላው ግቢውን እያዞረ ያሳያል፤ ማእድ ቤት ገብቶ ቧንቧ ሲከፍት ውሃው ዥው ይላል። «ይኸውልሽ እህቴ፣ ውሃ የማይጠፋበት ሰፈር!» ይላል። ከዘራዬን ይዤ ሄድኩ። ወደ ጣሪያው ቀና ስል ሮቶ ተቀምጧል። አንዱን ጎረምሳ ወጥተህ ክዳኑን ክፈትልኝ አልኩት፤ ጢም ብሏል። በሩ ላይ ደግሞ ውሃ ያመላለሰው ጋሪ ጎማ ገና አልደረቀም። ጎንደር ውሃ እንዴት እንደሆነ አንተ የአዘዞ ልጅ ታውቀዋለህ፤ አንገረብ ግድብ በደለል ተቸግሮ ሰፈር ለሰፈር በፈረቃ ነው የምንኖረው። ተከራይ የሚሸሽብህ በዚህ ነው። ስለዚህ ቧንቧውን ሳይሆን ቆጣሪውን ቅረጽልኝ በለው። የጎረቤቷን ሴትዮ «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» ብሎ ሲጠይቃት ድምፅዋን ያሰማህ።

ሌላም አየሁ በዚያ ቪዲዮ። ካሜራው አንድም ጊዜ ወደ ግራ አልዞረም። በግራ በኩል የአጥሩ ድንጋይ ወደ ወንዙ ተንዷል፤ ግንቦት ላይ የተቀረጸ ነው፣ ነሐሴ ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ሥር ያለው እርጥበት ራሱ ይናገር ነበር። ዝምተኛው ደላላህ «ሰው ልከህ አሳየው» ያለህ ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ይሆናል። በስልክ ቢነግርህ ሻጩ ይሰማና ይጣላዋል፤ ከተማችን ትንሽ ናት። ቢሆንም ምክንያቱን መናገር አለበት። አጥብቀህ ጠይቀው። «ወረቀቱ ነው ወይስ ቤቱ?» በለው፤ ከሁለት ቃል አንዱን ቢመርጥልህ ይበቃል።

ስልክ አያነሳም ላልከው፣ ለመሆኑ ስትደውል ጎንደር ስንት ሰዓት እንደሆነ አይተሃል? አንተ ዴንቨር ምሳ በልተህ መኪናህ ውስጥ ስትገባ እዚህ እኩለ ሌሊት ሊሆን ምንም አልቀረው። ማታ ልትተኛ ስትል ደውልለት፤ እሱ ጋ ነግቶ ቡና ላይ ነው።

ከሁለቱም ደላሎች አንድ ዓይነት ነገር ጠይቅ። ከሁለት ከሦስት ዓመት በፊት ውጭ አገር ላለ ሰው የገዙለትን ቤት ይንገሩህ፣ ከገዢውም ጋር ያገናኙህ። ባለፈው ወር የገዛ ሰው ገና በደስታ ላይ ስለሆነ ምስክርነቱ አይረባህም። የቆየውን ገዢ ስታገኝ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፦ ኮሚሽኑን ከተቀበለ በኋላ ስልክህን ያነሳ ነበር ወይ? ከ2015 ነሐሴ ጀምሮ ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶብን በከረመ ጊዜስ እንዴት ያገኝህ ነበር? እኔ የማውቀው አንድ ደላላ በዚያ ጊዜ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየተመላለሰ ለደንበኞቹ እናቶች የኪራዩን ብርና በእስክሪብቶ የተጻፈ ሒሳብ ይሰጥ ነበር። ቪዲዮ መቅረጽ አይችልም፤ ስልኩም ባለ ቁልፍ ነው።

ቀጥሎ ደላላው ቤቱ የምን ይዞታ እንደሆነ ሲጠየቅ ሳያመነታ የሚመልስ መሆን አለበት። ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ በፊት የተያዘ ነው? ሊዝ፣ ማለትም ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን የተያዘ ነው? የማኅበር ቤት ነው? ኮንዶሚኒየም? ሊዝ ከሆነ ቀሪው ክፍያ ስንት ነው፤ አንተ ላይ ነውና የሚያርፈው። «የቀበሌ ቤት ነው ግን እናስተካክለዋለን» ካለህ ስልኩን ዝጋ። «መሬት እሸጥልሃለሁ» ካለህም እንዲሁ። ቢጫ ካርድህ በ1994 ከወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የመጣ ነው፤ ለትውልደ ኢትዮጵያዊ ቤት እንዲኖረው ይፈቅዳል። መሬቱ ግን ለአንተም ለእኔም የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ሰርቪስ በፕላኑ ላይ መኖሩንም ያሳይህ። ማራኪ አካባቢ ቤት የሚወደደው ለሰርቪሱ ኪራይ ነው፤ ያለፈቃድ የተሠራ ከሆነ የገዛኸው ኪራይ አብሮ ይፈርሳል።

ወረቀቱን ለሚያጣራልህ ሰው የምነግረው ደግሞ ይህ ነው። ሻጩን ይዞ ማዘጋጃ ይሂድ፤ ሻጩ ራሱ ቀርቦ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ማስረጃ ይጠይቅ። ሻጩ «ምን አስቸኮለህ» ካለ፣ ለዚህ ማስረጃ ልንቸኩል የሚገባን እኛ ነን። የዓመቱ ግብር ደረሰኝ ይታይ። ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፤ ያላገባ ከሆነ ማስረጃ ያምጣ። ካርታው በሟች ስም ከሆነ የወራሾቹን ቁጥር ቆጥራችሁ ግቡ፤ ሰባትን አስታውስ። ውሉ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይፈረም። የመንደር ሽማግሌ ቢከበርም የቤት ውል አይመዘግብም።

ዋጋ ላይ አንድ የተለመደ ምክር ይሰጥሃል፦ «ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፈው፣ ቴምብሩ ይቀንስልሃል።» የ1990ው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ በንብረት ስም ዝውውር ላይ 2 በመቶ ነው የደነገገው፤ እሱን ለማዳን ብለህ የከፈልከውን ግማሽ ወረቀት አልባ ታደርገዋለህ። ነገሩ ቢበላሽና ገንዘቤን መልስ ብትል ዳኛው የሚያየው የተጻፈውን ነው። ይህን የመከረህ ደላላ ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ሁሉም የሚለውን ነው ያለው። እኔ ግን በዚህ ብቻ አንድ ደላላ አሰናብቼ አውቃለሁ።

ጥር ላይ አትግዛ። ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ሲሞላ፣ ፒያሳ ላይ ደላላው ሁሉ በብር ሳይሆን በዶላር ነው የሚያስበው፤ ከ2016 ሐምሌ የምንዛሬው ለውጥ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። የካቲት አጋማሽ ሲሆን ያው ቤት፣ ያው ሻጭ፣ ድምፁ ለስለስ ይላል።

እንግዲህ ማንን ትይዝ? ቤቱን ለመግዛት ዝምተኛውን ያዝ፤ የቆየው ገዢ ጥሩ ከመሰከረለት ማለቴ ነው። ኮሚሽኑን በጽሑፍ ተስማሙ፤ ግማሹ ውል ሲፈረም፣ ግማሹ ካርታው በስምህ ሲወጣ። ከሻጩም ይቀበል እንደሆነ በግልጽ ይንገርህ። ተጫዋቹን ግን አታሰናብተው። ተከራይ ለማግኘት እንዲህ ያለ አፍ ነው የሚያስፈልገው! የዩኒቨርሲቲ መምህሩንም ነርሷንም አግባብቶ ያስገባልሃል። ብቻ የ2016ቱን የኪራይ አዋጅ ያውቅ እንደሆነ ጠይቀው፤ የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይብለጥ የሚል ነው። «የስድስት ወር ቅድሚያ አስከፍልልሃለሁ» ብሎ ደስ ሊያሰኝህ ከሞከረ አትደሰት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ጎንደር ያየሁትን ቤት ደላላው «ዛሬ ቀብድ ካልላክሽ ሌላ ሰው ይወስደዋል፤ በእኔ ሒሳብ አስገቢው» አለኝ። ልላክ?
ቸኳይዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ አትላኪ። ቀብድ በሕጉ ትልቅ ጉልበት ያለው ነገር ነው፤ የሰጠ ሰው ቢያፈርስ ይቀርበታል፣ የተቀበለ ሻጭ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ግን የሚሠራው ሻጩ ራሱ ተቀብሎ ሲፈርምልሽ ነው። በደላላው ሒሳብ የገባ ብር ቀብድ መሆኑን ማን ይመሰክርልሻል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አውሮፕላን የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ቅዳሜ ነይ። ቤቱ እስከዚያ ከተሸጠ ተሸጠ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባለፈው እትም ደላሎችን ነቅፈው ጽፈዋል። እኔ አራዳ የምሠራ ወጣት ደላላ ነኝ፤ ሌባ አይደለሁም። ውጭ አገር ያለ ሰው እንዲያምነኝ ምን ላድርግ?
ቅር ያለው፣ ከአራዳ

መልስ፦ ልጄ፣ ቅር አይበልህ፤ የነቀፍኩት ሥራህን አይደለም። አንድ ደብተር ግዛ። ያሳየኸውን ቤት ሁሉ፣ የተጠየቀውን ዋጋ፣ የታየበትን ቀን ጻፍ፤ ደንበኛህ ሲጠይቅ ገጹን ፎቶ አንስተህ ላክለት። ሻጩ 4 ሚሊዮን ካለ አንተም 4 ሚሊዮን በል፣ ከላይ አትጫን፤ ድካምህን በኮሚሽንህ ጠይቅ። የንግድ ፈቃድህን ሳይጠየቅ አሳይ። ውክልና ቢሰጡህ አትቀበል። ቪዲዮ ስትቀርጽም ከአስፋልቱ ጀምረህ በእግርህ እየሄድክ ቅረጽ፤ ሰው ርቀቱን በእርምጃህ ይቁጠር። ካሜራውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙር፤ ሽንት ቤቱንም አትርሳ።